ሥጋ ያማረው ጾመኛ

ከጊደር መጋላ ገበያ ወደ ሐኪም ጋራ ኮረብታ በምትወጣ ባጃጅ ውስጥ ከሁለት ሴቶች አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንደኛዋ ስለ ባሏ ስታወራ ሳቅ ያፍናታል።

«ረቡዕ ቀን ጥብስ ሥሪልኝ አለኝ እኮ!»

«ተሾመ? ያ ጾመኛ?»

«እሱ! እኔ ሃይማኖቱን የተወ መስሎኝ ንስሐ አባታችን ዘንድ ከሰስኩት።»

«ውይ አስካለ! ምን አሉሽ?»

«አነጋገሩትና ‹ልጄ፣ ይሄስ ሕመም ነው፤ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው› አሉኝ። ሐኪሙ ቀኑን ቢጠይቀው እሑድ ነው አለ። እግሩንም ይጎትት ጀምሮ ነበር። ለካ የኤችአይቪ መድኃኒቱን አቋርጦ ኖሮ ቫይረሱ አንጎሉን ነክቶታል።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሌላዋም ባሏን በከንቱ እንዳትከስ።»

«አሁንስ?»

«መድኃኒቱን በየቀኑ እኔው ቆሜ አስውጠዋለሁ። ይኸው ዛሬ ጠዋት ቀኑን ረስቼ ሻዬ ላይ ወተት ጠብ ሳደርግ ‹አንቺ ሴትዮ፣ ረቡዕ አይደለም እንዴ!› ብሎ ጮኸብኝ።»

«አኮረፍሽ?»

«ምን አኮርፋለሁ! ከነቁጣው አቅፌ ሳምኩት።»

እኔ ሽማግሌው እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበርና በሳል አሳለፍኩት።