ፈረሰኛውን የወሰደው ጭልፊት

ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ፣ የዶሮ ብልት በማውጣት ወይዘሮ ጠጅቱን የሚያህል የለም ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሉትም ራሳቸው ናቸው። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ጎረቤታቸው መምህር ሔኖክ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ፣ ወይዘሮዋ ግቢያቸው በር ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው መጥረጊያ፣ በሌላው ቢላዋ ይዘው ሰማዩን ሲራገሙ አገኛቸው።

«ዓይንህ ይጥፋ! ክንፍህ ይሰበር፣ አንተ ቀማኛ!»

«እትዬ ጠጅቱ፣ እንደምን አደሩ? ምነው፣ ማን ነክቶብዎት ነው?»

«ምን ማደር አለ ልጄ! የልጄ የፍሬገነት አማቾች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ለምሳ ይመጣሉ። ቧንቧው ጋ ቁጭ ብዬ ዶሮዬን በሎሚና በጨው ሳጥብ፣ ያ ጭልፊት ከእጄ ላይ መንጭቆኝ ሄደ። ከአሥራ ሁለቱ ብልት መርጦ ምኑን ቢወስድ ጥሩ ነው? ፈረሰኛውን! ለሙሽራው አባት፣ ለአቶ ወልደገብርኤል የሚወጣውን!»

ይህ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ብልቱ የጎደለ ዶሮ ለአማች የቀረበ እንደሆነ፣ «እናቲቱ እንዲህ ከሆነች ልጅቷማ» መባሉ አይቀርም። ወይዘሮ ጠጅቱ ሐሜቱ ገና ሳይወለድ ጆሯቸው ውስጥ ይጮህባቸው ጀመር። ሌላ ዶሮ እንዳይገዙ ደግሞ ሰዓቱ ሄዷል።

«ቆይ ብቻ! የአይጥ መርዝ ገዝቼ፣ ሥጋ ላይ ነስንሼ ጣሪያዬ ላይ አኖርለታለሁ። ከነዘመዶቹ ይድፋው!»

ሔኖክ ባዮሎጂ አስተማሪ ነውና ይህን ሰምቶ ማለፍ አልሆነለትም።

«እትዬ፣ መርዝ የበላ ጭልፊት የት እንደሚወድቅ በምን ያውቃሉ? የጎረቤታችን የእነ ነጅማ የውሃ በርሜል ውስጥ ቢወድቅስ? ድመታቸው ሥጋውን ቀድማ ብትበላውስ? ደግሞ የሰፈሩን አይጥ የሚለቅምልን እሱ ነው።»

«አይጥ ካማረው ዶሮዬን ማን ብላ አለው?»

«እኔም እሱን ልጠይቅዎት ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዶሮ በሠሩ ቁጥር አንጀቱን የት ይጥሉታል?»

«ጣሪያ ላይ ነዋ! እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። የሰማይ ወፍ ድርሻ ነው፤ ጽድቅም አለው። ይሄ ለተማሪ ቤት ሰው አይገባም!»

«እናትዎ የሚጥሉት ሜዳ ላይ ነበር፤ ዛሬ ጣሪያ ከጣሪያ ተሳስሞ የእርስዎ ጽድቅ የእነ ነጅማ መስኮት ላይ ይገማል። እስቲ አንድ ነገር እንሞክር። ሥጋውን በሙሉ ይክደኑና፣ እንደወትሮው ቢላዋዎን ድንጋዩ ላይ ይሳሉ።»

«ያስተማርነው ልጅ እንዲህ ይጫወትብን!» እያሉ፣ እሱን ለማሳፈር ሲሉ ብቻ ቁጭ ብለው ይስሉ ጀመር። ቢላዋው ድንጋዩን ገና ፋጨት ፋጨት ሲያደርገው፣ ከሰንጋ ተራ በኩል አንድ ጭልፊት መጥቶ የመብራት እንጨቱ ላይ አረፈ። ሌላው ተከተለ። ሦስተኛው ቆርቆሮው ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ እጃቸውን እጃቸውን ያይ ጀመር።

«በስመአብ! ተጠርተው መጡ እኮ!»

«ጠሪውስ ማን ነው፣ እትዬ?» አለ ሔኖክ በትሕትና።

ወይዘሮ ጠጅቱ ጭልፊቶቹን አዩ፤ ቢላዋውን አዩ። እፍረትም ሳቅም አንድ ላይ መጣባቸው።

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ለካ ደወል ስደውልላቸው ነው የኖርኩት! እሱስ ምን አጠፋ? ድርሻውን ቀደም ብሎ ወሰደ እንጂ።»

«መርዙስ?»

«ተወኝ እባክህ! እጄ ላይ ያደገውን ልግደል? ይልቅ ለአማቾቼ ምን ልበል?»

«እውነቱን ነዋ።»

«እውነትማ ከበርበሬ ይብሳል!» አሉና አሥራ አንዱን ብልት ከድነው ማድ ቤት ገቡ።

በምሳ ሰዓት አቶ ወልደገብርኤልና ባለቤታቸው ተቀመጡ፤ ሔኖክም ተጠርቶ ነበር። ወይዘሮ ጠጅቱ ጭልፋቸውን እንደያዙ ቆሙ።

«አቶ ወልደገብርኤል፣ የእርስዎ ፈረሰኛ የለም። ጭልፊት ወሰደው። ያስለመድኩትም እኔው ራሴ ነኝ።»

ፍሬገነት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አቶ ወልደገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ እኛ ግቢም እንዲህ ያለ ጭልፊት አለ። የፋሲካውን በግ ኩላሊት ከእጄ ላይ ነው የነጠቀኝ። አፍሬ ድመቷ በላችው አልኩ።»

«ምን አልክ?» አሉ ባለቤታቸው። «ያቺን ምስኪን በከንቱ ነው ያባረርኳት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ በረድ ሲል አቶ ወልደገብርኤል፣ «ታዲያ መላው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሔኖክ አፉን ሊከፍት ሲል ወይዘሮ ጠጅቱ ቀደሙት።

«ቀላል ነው! ሥጋን ከቤት ውስጥ ማጠብ፣ ዕቃን መክደን፣ አንጀቱን ክዳን ባለው ባልዲ አኑሮ ለቆሻሻ አንሺዎቹ መስጠት። ጣሪያ አይገማም፣ ዝንብ ይቀንሳል፣ ጎረቤት አይቀየምም፤ ጭልፊቱም ወደ አይጡ ይመለሳል። ሥጋ ላይ መርዝ የሚነሰንስም አለ አሉ፤ ጨካኝ! የሰው ድመት ምን አጠፋች?»

ሔኖክ ሳቁ እንዳያመልጠው እንጀራ ጎረሰ።

«ጉድለቷን የማትሸሽግ እናት ያሳደገቻት ልጅ ለቤታችን በረከት ናት» አሉ አቶ ወልደገብርኤል። «በሉ፣ ቀኑን እንቁረጥ!»

እልልታው ቀለጠ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ወይዘሮ ጠጅቱ አጥንቱን ይዘው ወጡ። ጭልፊቱ የመብራት እንጨቱ ላይ ይጠብቃል። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ጣሪያው ተነሣ። ከዚያ ቀስ ብለው መለሱት፤ አጥንቱን ባልዲው ውስጥ ጨምረው ጥርቅም አድርገው ከደኑት።

«በል ልጄ» አሉት ቀና ብለው፣ «ከእንግዲህ ሠርተህ ብላ።»