ዳማው ብቻውን የተሻገረ ዕለት

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ኅዳር ወር ከቡሬ ወደ ማንኩሳ ስሄድ የመንገድ ጓደኛዬ የከብት ሐኪም ረዳት የነበረው ወጣቱ ክንፈሚካኤል ነበር። ከአንድ ወንዝ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ክታብ ያንጠለጠለ ዳማ ፈረሳቸውን በአለንጋ ይሸነቁጣሉ፤ ፈረሱም ወደ መጣበት ዞሮ ያሽካካል። ሽማግሌው ክንፈሚካኤል የሚያውቃቸው ግራዝማች አድማሴ ነበሩ።

«እንደምን ዋሉ ግራዝማች? ምን አጥፍቶ ነው?» ሲል ክንፈሚካኤል በትሕትና ጠየቀ።

«ምን ያላጠፋው አለ ልጄ! ከወንድሜ ከዘሩ ሁለት ፈረሶች ጋር ካልሆነ ይህን ወንዝ አይሻገርም። ዘሩ ደግሞ በአባታችን ርስት ከሶኛል።»

ወንድማማቾቹ ፍኖተ ሰላም ችሎት የሚሄዱት እንደ አገሩ ወግ አብረው ነበር። መንገድ ላይ ስንቅ ይካፈላሉ፤ ባላንጣ የሚሆኑት ዳኛ ፊት ሲቆሙ ነው። ባለፈው ቀጠሮ ግን ዘሩ ጎሕ ሳይቀድ ፈረሶቹን ይዞ ሹልክ አለ። ዳማው ወንዙ ላይ እምቢ አለ፤ ሽማግሌውም ጉልበታቸውን ሪህ ስለያዛቸው በእግር መድረስ አልቻሉም። ለመጨረሻው ቀጠሮ አምስት ሳምንት ቀርቷል። ካልቀረቡ በሌሉበት ይፈረድባቸዋል፤ ርስቱም ይሄዳል።

«ዘሩ አስደግሞበት ነው፤ ይኸው ክታብ አሠራሁለት» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወንዙ ላይ ሲደርስ ምን ያገኘዋል?»

«አለንጋ ነዋ!»

«እምቢ ብሎ ቤት ሲመለስስ?»

«ደክሞት ይመጣል፤ ግቢያችን አንድ ነውና ከዘሩ ፈረሶች ጋር አስሬ ገብስ አቀርብለታለሁ።»

«እንግዲህ ግራዝማች፣ ወዲህ አለንጋ፣ ወዲያ ገብስና ወገን ካለ፣ እርስዎስ ቢሆኑ ወዴት ይሮጡ ነበር?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌው ተቆጡ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ፈረስ ስገራ አባትህ አልተወለደም! ፈረስ ወገኑን ይወዳል። ፍቅሩን ልቁረጥበት ነው የምትለኝ?»

«አይቁረጡበት። የጨነቀው ዳግመኛ የማያገኛቸው እየመሰለው ነው፤ ሄዶ እንደሚመለስ በልምድ ይወቀው። ነገ ሃያ እርምጃ ብቻ ያርቁት፤ ገብሱን እዚያ ያብሉት፤ ገና ሳይጨነቅ ይመልሱት። በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ እስከዚያ መንገድ ዳር ዋርካ ያድርሱት። ሩጫውና ልፋቱ ከጓደኞቹ አጠገብ ይሁን፤ ዕረፍቱና እህሉ ከወንዙ ማዶ። አለንጋውን ግን ይስቀሉት።»

«ግራዝማች አድማሴ ለፈረስ አሳላፊ ሆነ በለኛ!» አሉ። ከዚያ ጉልበታቸውን ዳበስ አደረጉ።

እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። በገዛ እጃችን ያስተማርነውን ክፉ ልማድ የጠላት ድግምት ነው እያልን ክታብ እንፈልግለታለን!

ግራዝማች ግን የልጁን ምክር ሞከሩት። ኋላ እንደሰማሁት፣ በሦስተኛው ሳምንት ልባቸው ሞልቶ ዳማውን በአንድ ቀን ከዋርካው አሳልፌ ወንዙን አሻግረዋለሁ ሲሉ ፈረሱ ዞሮ ጋለበ። በንዴት አለንጋቸውን ፈለጉ፤ ባለቤታቸው እመት ታንጉት ደብቀውት ኖሯል። በማግስቱ እንደገና ከዋርካው ጀመሩ።

የቀጠሮው ዕለት ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ነበርኩ። ዘሩ ሳይነጋ ሁለቱንም ፈረሶች ነድቶ መጥቶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ተቀምጧል። «ተከሳሽ አድማሴ!» ተባለ። መልስ የለም። ዳግመኛ ተጠራ። ዘሩ ጢሙን አሻሸ። ሦስተኛው ጥሪ ሳያልቅ ከግቢው በር «አቤት! አለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ። ግራዝማች ያን ሁሉ መንገድ በዳማው ላይ ብቻቸውን መጥተዋል፤ ክታቡም ከአንገቱ ወልቋል። አላፍርም፣ በደስታ አለቀስኩ።

ዘሩ «ለብቻዬ ነው» ያለው ርስት እኩል ይካፈል ተብሎ ተፈረደ። ግራዝማች ቀድመው ጭነው ሲወጡ የዘሩ ፈረሶች እየጮኹ ዳማውን ካልተከተልን አሉ፤ ዘሩን እየጎተቱ መሬት ለመሬት አስኬዱት። ዳማው ጆሮውን ብቻ አዞረ።

«ጋሼ» አለ ዘሩ እያለከለከ፣ «ይህን እንዴት አደረጉት?»

ግራዝማች ልጓማቸውን ያዝ አደረጉ። ይስቁበታል ብዬ ነበር። «ብቻውን የሚሄድ ፈረስ ማለት» አሉ፣ «ሴት ምጥ ሲይዛት አዋላጅ የሚያመጣ፣ ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት የሚያደርስ፣ ባለቤቱን የማንንም ደጅ የማያስጠና ነው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ተማርኩት።» ከኮርቻቸው የገብሱን ስልቻ ፈትተው ሰጡት። «ነገ ጧት ዋርካው ሥር ና፤ ሁለታችን እናስተምራቸዋለን። አለንጋህን ግን ለታንጉት ስጣት።»