የቀለለው ፈተና

እትዬ፣ ወገብዎ እንዴት አደረ? አይ ይቺ ወንበር! ትራስ ቢጤ ቢጣልባት ምን ነበረ... አረፍ ይበሉ እስቲ፣ ማኅተሙን እኔ እመታለሁ። ዛሬ ደብዳቤው ብዙ አይደለም። ድምፄን ልቀንስ ይሆን? ከዚያ ማዶ ሰው እያጠና ነው፤ ይህ ስስ ጣውላ ደግሞ ሳል እንኳ አያስቀር።

ስም አልጠራም። ያውቁኛል፣ ስም መጥራት አመሌ አይደለም። ግን እንዴት ያለ ትጉህ ነው! ለቢዝነስ ማስተርስ መግቢያ ፈተና እንዲያጠና አራት ወር ሙሉ ከሥራ ነፃ ተደረገ፣ ክፍል ተሰጠው። ሥራውን እኔ ደርቤ ይዤለታለሁ። መሥሪያ ቤቱ የሚያስተምረው አንድ ሰው ብቻ፣ አመልካቾች ሁለት ነበርን፤ አለቃችን ብቃት መዝነው እሱን መረጡ። የእህታቸው ባል መሆኑ ትዝ ያላቸውም አይመስለኝ። ዘመድ ከዘመዱ... ኧረ ይቅር፣ በማለዳ የእንስሳ ስም አይጠራም።

መጽሐፉን አይተውለታል? ከዳር እስከ ዳር በቢጫ አስምሮበታል። የተረፈው የገጽ ቁጥሩ ብቻ ነው። ይሄ ይጠቅማል፣ ያ አይጠቅምም ብሎ አንዱንም መስመር አላስቀየመ። ቸር ሰው!

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? አንዳንዱ ዕንቁላል ግን መኪና ይላክለታል... ቅዳሜ ወደ ፈተናው የሚያደርሰው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ነው። የመውጫ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ትናንት የሙከራ ፈተናውን በኮምፒውተር ሠርቶ ሲወጣ ፊቱ እንዴት በርቶ ነበር! «መጀመሪያ ትንሽ ከበደኝ፣ ከዚያ እየቀለለኝ እየቀለለኝ ሄደ፤ መጨረሻ ላይማ የልጅ ጨዋታ ሆነ» አለን። አጨበጨብን። እርስዎም አጨብጭበዋል፣ አይቻለሁ።

እኔ ምስኪኗ ያንኑ በምሳ ሰዓት ብሞክረው... አይ እትዬ! አንዱን ስመልስ የባሰ ይመጣል፣ እሱን ስመልስ ከእሱ የባሰ። ላብ አጠመቀኝ። ምን አጥፍቼ ነው ብዬ መመሪያውን ባነብ፣ ለካ ኮምፒውተሩ ሰው ያያል! በትክክል ለሚመልስ ከበድ ያለውን ያመጣል፤ ለሚሳሳት ደግሞ አዝኖለት ቀለል ያለውን ይሰጠዋል። ደግ አይደል?... ማዶ ወንበር ሲጥ አለ ልበል? ይሁን፣ ሰው ሲያጠና ይቁነጠነጣል።

ቀድሜ ልነግረው ነበር እኮ። ደስታውን መንጠቅ ነውር መሰለኝ።

እኔማ ተጠባባቂ ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። የእሱ ነጥብ ካልሞላ ዕድሉ ወደ ተጠባባቂዋ ያልፋል ይላል ደብዳቤው፤ በእጄ ነው የተየብኩት። ይቆጭሻል ወይ? ካሉኝ፣ አዎ፣ ያንገበግበኛል፤ ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ! ይህን ዕድል ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው ግን አንዲት ቅዳሜ አታቅተውም።

ብቻ ምርቃት አይነፈግም። እትዬ፣ አሜን ይበሉ፣ ማዶ እንዲሰማ ጮክ ብለው... ቅዳሜ አምላክ ከጎኑ ይቁም፤ አንድም ሳይከብደው፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሁሉንም ያቅልልለት!