ሰባት ቤት የቆጠርን ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ ሰሚራ፣ ቤተሰብ ስንት ዓይነት ነው ተብሎ አይጠየቅም። ዩኒቨርሲቲው ይህንን ነው የሚያስተምራችሁ? ለዚህ ነው ስልኩን አፌ ላይ የደቀንሽው? እሺ፣ ቅጂ። በእኛ ጊዜ አባት አለ፣ እናት አለች፣ ልጆች አሉ፣ አለቀ። ከዚህ የወጣ ነገር ካለ ገበና ነው፤ ገበና ደግሞ ይሸፈናል እንጂ አይጠናም። እኔም ሸፈንኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸፈንኩ! እና ዘንድሮ ምን ጉድ እንደወረደብኝ ስሚ።

ይኸውልሽ፣ ሜሮንን ታውቂያታለሽ፤ እኔ ቤት ከተከራየሽ ጀምሮ አብራችሁ ነው የምትማሩት። የመጨረሻ ልጄ ናት እል ነበር። ውሸት ነው። አልማዝ፣ አንድዬ ልጄ፣ አሥረኛ ክፍል ሳለች ሆዷ ገፋ። እኔ እዚሁ መንደራ ቆጪ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የሰው ወገብ ስለካ የምውል ሰው፣ የገዛ ልጄ ወገብ ሲሰፋ አላየሁም! ታዲያ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ዝም በል፣ እኔ አለሁ» አለችኝ እና አልማዝን ይዛ ሊሙ እህቷ ዘንድ ሄደች እና ከስድስት ወር በኋላ ሕፃን ታቅፋ ተመለሰች። «ወለድኩ» አለች። በአርባ ስድስት ዓመቷ! ጎረቤቱ ገንፎ ሊበላ መጣ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ፣ እኔም አሜን አልኩ። አልማዝን ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ እህቷ ነሽ፤ እናት የሚል ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ» አልኳት። የልጅቷ አባት ማነው? አልጠየቅኩም። ከጠየቅኩ እውነት ሊሆንብኝ ነዋ! ሜሮንም እኔን አባዬ፣ አልማዝን እትዬ እያለች አደገች። አልማዝ ስንት ባል መጣላት፣ ሁሉንም እምቢ አለች። «ምን ሆነሽ ነው?» እላታለሁ። ምን እንደሆነች እያወቅኩ እኮ ነው የምጠይቃት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ታዲያ ዘንድሮ ሜሮንን ብለው ከየቡ ከተማ ሽማግሌዎች መጡ። እሑድ ጠዋት፣ ከባጃጅ ወርደው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሦስት ሆነው ገቡ። ዋናው አቶ ገመቹ ይባላሉ፣ የልጁ አጎት ናቸው፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ለልጃችን ልጅዎን ፈልገን መጥተናል።»

ልቤ በደስታ ይዘላል፣ ግን ቶሎ እሺ አይባልም፣ ወግ አለዋ! ኮራ ብዬ «እስቲ እንመካከርና ቀጠሮ እንሰጣለን» አልኩ።

«ኤዬ፣ ደግ ነው። ግን ማሎ፣ እባክዎ፣ ከቀጠሮው በፊት ሰባት ቤት እንቁጠር። ዘመድ ከዘመድ እንዳናጋባ» አሉ።

ታዲያ ምን ላድርግ? የልጁን እነሱ ቆጠሩ። የሜሮንን እኔ ከራሴ ጀመርኩ። «እኔ፣ አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ» እያልኩ ጣቴን አጥፋለሁ። አቶ ገመቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ እና አልማዝ ወጣች።

«አባዬ አቁም! የምትቆጥረው የእናቷን ወገን ነው። የአባቷ አልተቆጠረም።»

«ዝም በይ አንቺ!»

«አልልም! ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ። አባቷ የቡና መኪና ሹፌር ነበር፣ የቡ ይመላለስ ነበር። ይሄ ልጅ የሱ ወገን ቢሆንስ? እህትና ወንድም ልታጋባ ነው?»

ኧረ የሰው ያለህ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ሜሮን ደግሞ በሩ ጋ ቆማለች። ሰማች፣ በቃ ልጄ ዛሬ አበደች ብዬ ላቅፋት ተነሳሁ። ምን አለችኝ መሰለሽ?

«ተቀመጥ አባዬ። አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ሁሉንም፣ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ። ሰፈሩም ያውቃል። አስተማሪያችን ቤተሰባችሁን ጻፉ ሲለን፣ ‹እናቴ አልማዝ፣ ያሳደገኝ አያቴ› ብዬ ነው የጻፍኩት። አንዱን ልጅ አክስቱ ናት ያሳደገችው፣ አንዷ ከእንጀራ እናቷ ጋ ነው የምትኖረው። ክፍል ውስጥ ማንም አልደነገጠም።»

ማንም አልደነገጠም ትለኛለች፣ እኔ ደንግጬ ልሞት! ወደ አቶ ገመቹ ዞርኩ። እሳቸው እቴ፣ ምንም አልመሰላቸው።

«እኛም ሰምተናል። ሳያጠያይቅ የሚመጣ ሽማግሌ አለ እንዴ? እኛ ዘንድ ጉዲፈቻ አለ፣ ያሳደገ አባት ነው፤ በዚያ አናስቸግርዎትም። የጠፋን የወላጅ አባቷ ወገን ነው፣ እሱን የምታውቀው ደግሞ እናቷ ብቻ ናት። ቁጠሩ ያልነው ለዚህ ነው።»

አልማዝ ስሙን ተናገረች። ሰውየው ያኔውኑ ጥሏት የጠፋ የአጋሮ ሰው ነው። አንደኛው ሽማግሌ አጋሮ ላሉ፣ የሰውየውን ወገን ለሚያውቁ አንድ አዛውንት ደወሉ እና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ሰባቱን ቤት አስቆጠሩ። እኔ በእያንዳንዱ ስም ላብ በላብ እሆናለሁ። መጨረሻ ላይ አቶ ገመቹ «አይገናኙም» አሉ እና ተቀመጡ። አልማዝ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። ሜሮን ሄደች እና አቀፈቻት እና «በቃ እማዬ፣ በቃ» አለቻት። እማዬ!

ሽማግሌዎቹ እንደሄዱ «ዛሬ ነው እማዬ ማለት የጀመርሽው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ።

«አንተ ሱቅ ስትሄድ ሁሌም እማዬ ነው የምላት። ማታ በር ላይ ስትስል እትዬ እላታለሁ።»

ሰሚራ፣ የገደለኝ ይሄ ነው። አባወራ ቤቱ ሲገባ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አባቴም እንደዚያ ነበር፣ መጥቻለሁ፣ ተሰብሰቡ ማለት ነው። ለካ እኔ በሳልኩ ቁጥር ያች ልጅ እናቷን ታጣለች! ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ፣ በየማታው! አልማዝን ጠርቼ «ይቅር በይኝ» አልኳት። «ራቱ ይቀዘቅዛል አባዬ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድመት ኮቴዬን አጥፍቼ ነው የምገባው። «እማዬ፣ ጨው የት ነው?» ሜሮን ስትል እሰማለሁ እና ትንሽ በሩ ላይ እቆማለሁ።

— ወላሂ አባባ፣ ትናንት ማታ ግን ሲገቡ ሲስሉ ሰምቻለሁ። እኔ ክፍል ድረስ ተሰምቷል።

እሱማ ጉንፋን ነው! እኔም ደንግጬ አፌን በእጄ ያዝኩት። ታዲያ ሜሮን ከውስጥ ምን አለች መሰለሽ? «እማዬ፣ አባዬ መጣ፣ በሩን ክፈቺለት።»