የዋና ሳጅን ሠርክአዲስ ሕይወትና ያ ጥቁር ጃኬት

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ሐዘናችንን የተካፈላችሁ ወገኖች ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ የማነብላችሁ የሟች ታናሽ ወንድም ወንድሜነህ መርሻ ነኝ። በአማርኛ ማንበቤ ከአባታችን አገር ከወሎ የመጡት ዘመዶቻችን እንዲሰሙት ሲሆን፣ በትግርኛ የተጻፈውን የሟች ልጅ ኤልሮኢ ከእኔ ቀጥላ ታነበዋለች። ለዛሬ ሁለት ወረቀት ተጽፎ ነበር። አንደኛውን ዘመድ ተሰብስቦ አይቶት ወዶታል፤ እኔ የያዝኩት ግን ሁለተኛውን ነው፣ ይህ ይነበብ ብለው ያዘዙት እኅቴ ራሳቸው ናቸውና። የምትቆጡኝ ካላችሁ እባካችሁ ጨርሼ ካነበብኩ በኋላ ተቆጡኝ።

ዋና ሳጅን ሠርክአዲስ መርሻ፣ ከወልድያ በጭነት መኪና ረዳትነት መጥተው መቐለ ከቀሩት ከአባታቸው ከአቶ መርሻና ከእናታቸው ከወይዘሮ ምጽላል፣ ዛሬ ሰሜን ክፍለ ከተማ በሚባለው ሰፈር በ1972 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚሁ ተምረው፣ መምህርት ለመሆን ከነበራቸው ጉጉት የተነሣ ሌት ተቀን ቢደክሙም ውጤቱ ሳይበቃቸው ስለቀረ፣ በ1993 ዓ.ም. በፖሊስነት ተቀጥረው ሥልጠናቸውን በሚገባ ፈጸሙ። በ1996 ዓ.ም. ከአቶ ሓፍቶም ገዛኢ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኤልሮኢንና ተስፋማርያምን አፍርተዋል።

በ2002 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲጠብቁ ሲመደቡ፣ ከመምህራኑ ጥቂቶቹ ፖሊስና ጥቁር ሰሌዳ ምን አገናኛቸው ብለው አጉረምርመው ነበር። እርሳቸውም ቅር ሳይላቸው ቆባቸውን ጥበቃ ቤቱ ውስጥ እየሰቀሉ ባዶ ራሳቸውን በግቢው ይዘዋወሩ፣ ጩቤ ደብቆ የመጣውን ልጅ ለብቻው ጠርተው ይመክሩ፣ ሴት ተማሪዎችን በር ላይ የሚያስቸግሩትን ጎረምሶች ግን ያለ ርኅራኄ ያባርሩ ነበር። ቁጣቸው ለጉድ ነበር፤ ጠዋት የተቆጡትን ልጅ ግን ከሰዓት በኋላ ምሳ በልተሃል ወይ ብለው ሳይጠይቁት ወደ ቤት አይገቡም።

ወገኖቼ፣ አንደኛው ወረቀት ከዚህ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሕመማቸው ይሄዳል። እኔ ግን በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ የአሥረኛ ክፍል ፈተና በተሰጠበት ዕለት ላይ ልቆም ነው።

በዚያ ጠዋት ዶፍ ዝናብ ጥሎ፣ በገበያ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት የአቶ ኸድር ልጅ ሒክማ እስከ አጥንቷ ርሳ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ በሩ ላይ ደረሰች። ሴቶቹን ይፈትሹ የነበሩት እኅቴ አንጀታቸው አልችል ቢላቸው፣ ከደንብ ልብሳቸው በላይ የደረቡትን ጥቁር ጃኬት አውልቀው አለበሷትና አስገቧት። ፈታኝም ሆነ ፖሊስ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ሁሉም ፈርመው ሳለ፣ የራሳቸው ስልክ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ መኖሩን ግን ፈጽሞ ረስተውት ነበር። ፈተናው በተጀመረ በግማሽ ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

ልጅቷ ጃኬቱ የፖሊሷ ነው ብላ እያለቀሰች ብትናገር እኅቴ ተጠሩ። ሲጠየቁም ጃኬቱ የእኔ ነው፣ ስልኩን ግን አላውቀውም አሉ። የሒክማ ፈተና ተሰረዘ፤ ኮራጅ ተብላ በዝናቡ ወጣች። በማግስቱ እናቷ ወይዘሮ ጣይባ ጃኬቱን አጥበው፣ አጥፈው ይዘው መጡና፣ ሌላው ቢቀር ልጄን ከብርድ አድነውልኛል ብለው እኅቴን አመሰገኗቸው። እኅቴ ያን ጃኬት ዳግመኛ አልለበሱትም።

ከሥራ መባረርን፣ የልጆቻቸውን መራብ ፈርተው ነበር፤ ይህን ስል ጥፋታቸውን ለማቅለል አይደለም። ነገ እናገራለሁ ሲሉ ወረርሽኙ መጣ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ። ትምህርት ቤቱ የተፈናቃይ ማደሪያ ሆነ፣ ደመወዝ ቀረ፣ የስኳር መድኃኒት ጠፍቶ ኩላሊታቸው ተጎዳ። ሰላም ወርዶ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሲመለሱ፣ ተማሪዎቹ ዩኒፎርም ባዩ ቁጥር ሲሸማቀቁ እያዩ በጣም ይከፋቸው ነበር። ሒክማ ትምህርቷን ትታ በአባቷ ሱቅ መቆሟን ሲሰሙ፣ ሁሉን ሊነግሯት አራት ጊዜ ሄደው፣ አራት ጊዜ አንደበታቸው ተሳስሮ ጨርቅ ገዝተው ተመለሱ። አራቱም ጨርቅ ሳይሰፋ ሣጥናቸው ውስጥ አለ።

አልጋ ላይ ሆነው፣ ቀብሬ ላይ ሰው ይሞላል፣ የሒክማ ስም በሰው ፊት ስለጠፋ በሰው ፊት ይመለስ ብለው አዘዙኝ። እኔም በቁምዎ ይናገሩት ብዬ ተቆጥቻቸው ነበር፤ ነገር ግን ለመቆጣት ምን አፍ አለኝ? በዚያ ጠዋት የደወልኩት እኔ ነኝ፣ ያውም የቤት ቁልፍ የት እንዳለ ለመጠየቅ! ደግሜ ስደውል አንድ ሰው አንሥቶ ይህ ስልክ የማን ነው ቢለኝ፣ ደንግጬ ዘጋሁበት። ማታ እኅቴ አልቅሰው ሲነግሩኝ ዝም እላለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

ዋና ሳጅን ሠርክአዲስ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታችንንና እኔን ትተው አልፈዋል። ደግሞም ከትምህርቷ ያስቀሯት ሒክማ አለች።

አቶ ኸድር፣ ወይዘሮ ጣይባ፣ እኅቴ ሒክማ፤ ጃኬት ያለበሰች ደግ ሴት ሞተች ብላችሁ ልትቀብሩ መጥታችኋል፤ ለምን አጥብቄ እንደጠራኋችሁ አሁን ሰማችሁ። ስልኩ የሒክማ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፣ በጽሑፍ እመሰክራለሁ፣ እፈርማለሁ፤ ባትመጡም ብቻዬን እገባለሁ።

ለሐዘንተኞች ሁሉ ፈጣሪ መጽናናትን ይስጥልን፣ የእኅቴንም ነፍስ በምሕረቱ ይቀበላት። ይቅር በሏት ብዬ ግን ዛሬ በሰው ፊት አላስጨንቃችሁም፤ አፈሩ ሳይመለስ አንድ ቃል ብትሉላት ግን እኅቴ ስትጠብቀው የኖረችው እሱን ነው።