ቀለም የዘለቀው ሰው

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ… በሩን ገፋ ያድርጉት፤ ዝናቡ ካሳበጠው ወዲህ እንቢ እያለኝ ነው። እዚህ ይቀመጡ፣ ካውያው አጠገብ ይሞቅዎታል። ጉልበትዎስ? ተሻለዎት? ጎሽ። የታላቅየዋ ልጅዎ ፈተና እንዴት ሆነ? አለፈች! እሰይ! መቼም ዘር ከልጓም ይስባል… ወደየት እንደሚስብ ነው እንጂ ጭንቁ።

እስቲ ደግሞ ዛሬ ምን ይዘውልኝ መጡ? ውይ፣ የባለቤትዎ ነጭ ሙሉ ልብስ! ባለፈው ሳምንት በእንፋሎት ተኩሼ፣ መስቀያ ላይ ሰቅዬ የሰጠሁዎት አይደል? ምን ነካው? ከጉልበቱ በታች ሰማያዊ… ኧረ ከጉልበቱም በላይ፣ እስከ ቀበቶው! ምን? እስክሪብቶ? እስክሪብቶ ፈንድቶበት ነው? ይሁና… በሁለቱም እግር፣ ካልሲው ድረስ? ተዉት፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ብዙ የሚጽፍ ሰው ብዙ ይፈስበታል።

አይ፣ አይሂዱ። ቀለም አደራ አይሰጥበትም፤ ኋላ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» እንዳልባል እዚሁ እያዩኝ ልሞክረው። ጥጥ በአልኮል ነክሬ ከስፌቱ ጥግ ትንሽ አሸት ነው የማደርገው። እስኪለቅ ድረስ ጨዋታ ላምጣልዎ። የአንድ ሰውዬ ነገር ነው። አያውቁትም። የት ሊያውቁት! እርስዎ ከቤትና ከሥራ ሌላ የት ይወጣሉ?

ታላቅ ወንድሜን እንኳ ያውቁታል። ቧንቧ ሠራተኛው፤ የወጥ ቤታችሁ ቧንቧ ሲያፈስ እሁድ ቀን መጥቶ የሠራላችሁ። ጡረታ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ወንበር አውጥቶ ደጁ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፣ እሱ ቡትስ ጫማውን አጥልቆ ወንዝ ወረደ። ፌስታል፣ ጎማ፣ የተቦጫጨቀ ፍራሽ… አንድ ቀን እንዲያውም የልብስ ስፌት መኪና አወጣ፣ ከነፔዳሉ። ሁለት ጎረቤት ተከተለው፤ ኋላ አምስት ሆኑ። ያ ዛሬ ታርጋ የለጠፈው የወንዝ ጥበቃ ማኅበር ያን ጊዜ አምስት መንጠቆና አንድ ጋሪ ነበር።

ከዚያ ሰውዬው መጣ። ምን ዓይነት ሰው መሰለዎት! ተናግሮ የማይጠገብ፣ ቀለም የዘለቀው… ውይ፣ ይኼም ሱሪ ዘልቆታል መሰለኝ፣ ጥጡ ላይ ምንም አልወጣም። ይገርማል እኮ! ሰው ቀለም ሲዘልቀው ይከበራል፣ ሱሪ ቀለም ሲዘልቀው መወልወያ ይሆናል። ቆይ፣ በሌላ ጥጥ ልድገመው።

እና ሰውዬው ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ወንዙ ደም ሥራችን ነው» ብሎ ሲጀምር እኔ ራሴ አልቅሻለሁ። ወንድሜ ደግሞ አፍ የለውም። «እንግዲያ አንተ ምራን» ብሎ ራሱ አጨብጭቦ መረጠው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ… እኔ ግን እንዲህ አልልም። የኛ ሞፈር ቆራጭ እኮ አመስግኖ ነው የቆረጠው፤ ሰርተፊኬት ሰጥቶታል! «የክብር መሥራች» ይላል፣ ዙሪያው ሐረግ ያለበት። ወንድሜ ሁለቴ አነበበውና «የክብር ማለት ከእንግዲህ ስብሰባ አትምጣ ማለት ነው እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ።

ልብስ አጣቢ ግን ሰው በአፉ የማይነግራትን ልብሱ ይነግራታል። የሰውዬው የማኅበር ሰደርያ እኔ ዘንድ ነው የሚታጠበው። ምን ዓይነት ንጹሕ ሰው ነው! አራት ዓመት ሙሉ ጠብታ ጭቃ አላገኘሁበትም። ሽቶ አገኝበታለሁ፣ የኬክ ክሬም አገኝበታለሁ። ወንዝ እየጠበቁ እንዲህ ደርቆ መኖር ስጦታ አይደለም እትዬ? አንድ ጊዜ ብቻ ሱሪው ላይ ጭቃ መጣልኝና እሰይ አልኩ። ጉልበቱ ላይ አለ፣ ከታች ጠርዙ ላይ ግን የለም። ሳሸው ከመሃሉ ነጫጭ ፍሬ ወጣ። የአበባ ማዳበሪያ! ለካ ከቤቱ የአበባ ማሰሮ ዘግኖ ቀብቶት፣ ፎቶ ተነስቶበት ኖሯል። ወንዙን ላለማደፍረስ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? እንዲህ የሚሳሳ ሰው ከየት ይገኛል?

ጸሐፊው ደግሞ ከእሱ ይብሳል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ተረት እንደሱ በሥራ ያዋለ አላየሁም። ለምርመራ የሚላከውን ውሃ የሚቀዳው እሱ ነው፤ ሁልጊዜ ከላይ፣ ከድልድዩ ወዲያ፣ ከጥሩው። ነገሩን ከሥሩ ማን ይንካ? ሪፖርቱማ ምን ይወጣለታል! ውሃ የሚያነሳ ሪፖርት ነው ይሉታል። ማኅበሩ ውስጥ ውሃ የሚያነሳ እሱ ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

የወንድሜ ሱሪ ግን ሰኞ ቀይ፣ ሐሙስ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣልኝ ጀመር። «ምን ውስጥ ነው የምትገባው?» አልኩት። «እሱን ነው የምፈልገው» አለኝ። ቧንቧ ሠራተኛ ቧንቧ አይጠፋውም፤ ከቁጥቋጦው ሥር አገኘው። ወፍራም ነው፣ የእኔን ወገብ ያህላል። ሽቅብ ቢከተለው ክር ማቅለሚያው ፋብሪካ ግቢ ገባ። የማን ፋብሪካ ነው አይሉኝም? የሰውዬው የሚስቱ ወንድም። አሉ ነው እንግዲህ፣ እኔ የሰማሁትን ነው። እርስዎም ወንድም ስላለዎት አልነግርዎትም፤ ወንድም ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ያውቁታል።

ወንድሜ ነገሩን አደባባይ አላወጣውም። ቢሮው ሄዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለብቻው ነገረው። «ጥናት ይፈልጋል» አለው። ተጠና። ሁለት ዓመት ተጠና። ውጤቱ ምን ሆነ መሰለዎት? አጥር! ቧንቧው ያለበትን ቦታ ዙሪያውን ሽቦ አጠሩበትና «ጥብቅ ሥፍራ፣ መግባት ክልክል ነው» ብለው ጻፉበት። እውነታቸውን ነው… ቧንቧው እንዴት አድርጎ ተጠበቀ!

ወንድሜ ከሽቦው ሥር እየሾለከ መግባቱን አልተወም። የእግሩም የእጁም ቆዳ ይላጥ ጀመር፤ እንደ ድንች ልጣጭ ነው የሚነሳው። ቅባት ስቀባው «ተው፣ በቃህ፣ ምን አለህ?» እለዋለሁ። «ታች ያሉት ሴቶች ጎመናቸውን የሚያጠጡት በዚህ ውሃ ነው» ይለኛል። ሌላ ንግግር የለውም። እንዲህ ያለ ሰው ሊቀመንበር ይሆናል? አይሆንም! ሁለት ዓረፍተ ነገር የማይሞላ!

ከትናንት ወዲያ ሽልማት የሚሰጡ እንግዶች መጡ። ሰውዬው አስቀድሞ ለሚስቱ ወንድም «ለአንድ ቀን ሥራ አቁምልኝ» ብሎ ለመነው። ወንድምየውም ለአማቹ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፣ አቆመለት። እንግዲህ ማሽን ሲቆም ሠራተኛ ምን ይሠራል? በርሜል ያጥባል! ዓመት ሙሉ ፋታ ያጡበትን የቀለም በርሜል ሁሉ አሰልፈው ያጥቡ ጀመር። አልፈርድባቸውም፣ የሙያ ጓደኞቼ ናቸው።

ሰውዬው ይኼን አላወቀም። ነጭ ለብሶ ነበር አሉ… ነጭ የሚለብስ ሰው መቼም ብዙ ነው። እንግዶቹን ከድልድዩ በላይ፣ ጥሩው ጋ ወስዶ «ወንዙ ደም ሥራችን ነው» እያላቸው ሳለ፣ ከመሃላቸው ምርኩዝ የያዙ አንዲት አሮጊት ዝም ብለው ቁልቁል መንገድ ጀመሩ። «እመቤቴ፣ መንገዱ በዚህ ነው» ቢላቸው «እኔ ውሃውን ነው የምከተለው» አሉት። ሽቦው የተቀደደበት ጋ ጎንበስ ብለው ገቡ። ወንድሜ ውሃ ውስጥ ቆሞ ከቁጥቋጦ ላይ ጨርቅ ያላቅቃል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አሉት።

«ጨርቅ እያወጣሁ።»

«የማኅበሩ አባል ነህ?»

«የክብር ነኝ» አላቸው።

አሮጊቷ ወደ ሰውዬው ዞሩና «እስቲ አብራችሁ እንዴት እንደምትሠሩ አሳዩኝ» አሉት። ምን ያድርግ? ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደግኗል። ማደሪያ የሌለው ወንዝ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ? እሱ ደግሞ ፎቶ አንሺ ይዞ ነው የሚዞረው። ገባ! ከነካልሲው ገባ። ከወንድሜ ጎን ቆሞ የመንጠቆውን ጫፍ ይዞ ፈገግ አለ።

ወንድሜ ቀና ሲል ከላይ ሰማያዊ ነገር ሲመጣ አየ። «ጌታዬ፣ ይውጡ፣ ቀለም እየመጣ ነው» አለው። ሰውዬው ፈገግታውን ሳያጥፍ፣ በጥርሱ መሃል «አንተ ነህ የምታዘኝ?» አለው። «ይውጡ እባክዎ፣ ያንሸራትታል!» «ዝም በል፣ ፎቶ እየተነሳን ነው።» ወዲያው ደረሰ። ሰውዬው ሊዘል ሲል ድንጋዩ ከዳውና እዚያው ቁጭ! እስከ ቀበቶው።

የት ላይ ነበርኩ? አዎ፣ እስከ ቀበቶው።

ማን እጁን ሰጠው? ፎቶ አንሺው አይደለም። ጸሐፊውም አይደለም፤ እሱ ደረቁ ላይ ቆሞ «አይዞህ» ይል ነበር። ወንድሜ ነው፣ በዚያ በተላጠ እጁ ጎትቶ ያወጣው። ሰውዬው ዳር ሲደርስ መጀመሪያ የተናገረውን ያውቃሉ? አንድ እጁ የወንድሜን እጅ እንደያዘ፣ በሌላው ወደ እሱ እየጠቆመ፣ «ቀለሙን የሚደፋው ይኼ ነው! ያዙልኝ!» አለ።

…

ምነው እትዬ፣ ካውያው ሞቀዎት እንዴ? ፊትዎ ቀላ። ወንበሩን ወዲህ ያድርጉት።

ለእንግዶቹ ጥበቃ የመጡት ፖሊሶች ያዙት። በእርጥብ ሱሪው ጣቢያ ወስደው አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። ወንድምሽን ይዘውታል ሲሉኝ ካውያውን ነቅዬ እንኳ አልወጣሁም፤ አንድ የሰው ሸሚዝ አቃጥያለሁ። ስደርስ ምን እያደረገ ነው? የጣቢያውን የሚንጠባጠብ ቧንቧ ያጠባብቃል! «ምን አልካቸው?» አልኩት። «ምንም። አላመኑኝም። ቧንቧቸው ግን ጎማው አልቋል» አለኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ወንዙ ግን ወንድሜ ከተያዘ በኋላም አላቆመም። ሰማያዊው ሄደና ቀይ መጣ፣ ቀዩ ሄደና ቢጫ መጣ። በርሜሎቹ ተራ በተራ ናቸው! አሮጊቷ ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። «ይደፋል ያላችሁት ሰው እኮ ተይዟል፤ ይኼኛውንስ ማን ነው የሚደፋው?» አሉ። ጸሐፊው ሙያው ነውና ፈጥኖ «ጥናት ይፈልጋል» አለ። አሮጊቷ የሚጠጡበትን ጠርሙስ ደፍተው ከሦስቱም ቀለም ቀዱበት። ሽልማቱ ከነካርቶኑ ተመልሶ መኪና ውስጥ ገባ። እሳቸው ከዚያ ወዴት ሄዱ መሰለዎት? ጣቢያ! በምርኩዛቸው ጠረጴዛውን ቆርቁረው «ያን ሰው ልቀቁልኝ፤ ያየሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከሰዓት በኋላ አብሮኝ ቤት ገባ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ መርማሪዎች መጥተው ቧንቧውንም የፋብሪካውንም በር አሽገውታል አሉ። እርስዎ ይኼን ሳይሰሙ ይቀራሉ? ለነገሩ ከማን ይሰማሉ፣ ወንድምዎ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው። ማኅበሩም ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቷል። ጎረቤቶቹ ወንድሜን «አንተ ምራን» ቢሉት «ስብሰባ አልችልም፣ ሽቦውን ግን የማነሳው እኔ ነኝ» አላቸውና ፒንሳውን ይዞ ወርዷል። ሲወጣ «ሰው ሲመጣ በነገር እንዳትነኪ» ብሎ አስጠንቅቆኛል። እኔ ማንን ነካሁ? ስም ጠራሁ? የማያውቁትን ሰውዬ ወግ ነው ያወራሁዎት።

ኮቱን አድንልዎታለሁ፣ ማክሰኞ ይምጡ። ሱሪውን እንኳ ይርሱት። ተነሱ? ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ አይቆዩም? እንግዲያው ሳልመርቅ አልሸኝዎትም። እናቴ ክፉ ለሠራ ሰው መልካም መመኘት ነው ያስተማረችን።

ፈጣሪ ለዚያ ሰውዬ ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ጤና ይስጠው፣ ከነባለቤቱ ሸብቶ ለማየት ያብቃው። ልጆቹን ይባርክለት፤ አግብተው፣ ወልደው ይሳሙለት። የትም ርቀው አይሂዱበት። እዚሁ፣ አባታቸው አጽድቶ ባቆየላቸው ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ በታች ቤት ሠርተው፣ ጠዋት ማታ በእጃቸው እየቀዱ የልጅ ልጆቹን ያጠጡለት።

አሜን አይሉም እንዴ፣ እትዬ?