ስማቸውን የማይጠሩት አባ

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር በአንድ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ነርስ ሳለሁ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር መጣችልን። በሽተኛው ካርዱ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ሲገተር ማየት መሮኝ ነበርና፣ የድሮውንም የአዲሱንም ካርድ እያገላበጥሁ የሰውን ስም፣ አገሩንና የታከመ ዓይኑን መዘገብሁባት። የካርድ ክፍሉ ጓድ ታከለ ግን "ያቺ ሣጥንሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከጣና ገዳም አንድ አረጋዊ መነኩሴ መጡ። ሳይመነኩሱ በፊት ግራ ዓይናቸው እኛው ዘንድ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። አሁን ቀኙ ተራው ቢደርስም ዶክተሩ "የድሮውን ካርድ ሳላይ አልነካም" አለ።

"አባ፣ ያኔ ስምዎ ማን ነበር?" አልኋቸው።

"ያ ሰው ሞቷል፣ ልጄ። የመነኮስሁ ዕለት ፍትሐት ተደርጎለታል። ስሙን አልጠራም።"

ታከለ በሳቅ ፈረሰ። "በይ እንግዲህ፣ ሣጥንሽ ሙት ታስነሣ እንደሆን እንይ!"

እልህ ያዘኝ። "አባ፣ እርስዎ አይጥሩት። የሟቹን አገር ብቻ ይንገሩኝ።"

"እንፍራንዝ ነበር።"

"እንፍራንዝ፣ ግራ ዓይን" ብዬ ጻፍሁ። ጥቂት ስሞች ብቅ አሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ በአንድ አነበብሁላቸው። አባ እንዳቀረቀሩ መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። "አያሌው በዛብህ" ስል ግን በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡና አማተቡ።

"ነፍሱን ይማር" አሉ።

ወደ ታከለ ዞርሁ። "ጓድ፣ የሟቹን ካርድ አምጣልኝ!"